ከዋሻው እስከ አረንጓዴው ሳሎን

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ዋሽንት። ድምፁ ቀስ እያለ ይቀንሳል።)

በዘመሮና በዙሪያዋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ያላችሁ፣ ከብት አስገብታችሁ እሳት ዳር የተቀመጣችሁ፣ መንገድ ላይም ሆናችሁ በስልካችሁ የምታዳምጡን፣ ወደ ታሪክ ትምህርት ዝግጅታችን እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ የምንጨዋወተው የጦር መኮንን ሆነው ጀምረው የአገር መሪ እስከ መሆን ስለ ደረሱ ሰው ነው። ስማቸው ራስ አበበ አረጋይ ይባላል።

ወሬዬን ግን ከቤተ መንግሥት አልጀምርም። ከአንድ ስልቻ በሶ ነው የምጀምረው።

በሶ እንዴት እንደሚዘጋጅ እናቶች ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ገብሱ ይቆላል፣ ይሸከሸካል፣ ይፈጫል። ከዚያ ወዲያ እሳት አይፈልግም። ቀዝቃዛ ውኃ ጠብ ማድረግ፣ ጨው ጣል ማድረግና መጨበጥ ነው። በስልቻ ተቋጥሮ ብዙ ቀን ይቆያል፤ ተሸካሚውንም አያጎብጥም። በሰላም ጊዜ ይኼ የመንገደኛ ምግብ ነው። የጠላት አውሮፕላን ሰማይ ላይ ሲያንዣብብ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። እሳት የማይፈልግ ምግብ ጢስ የለውም፤ ጢስ የሌለው ሰፈር ደግሞ ከሰማይ አይታይም።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በእነዚህ ተራሮች ላይ የተካሄደው ጦርነት በጥይት ብቻ የተካሄደ አይደለም። እንዲህ ባለው ስንቅም ነው። ስለዚህ ጥያቄዬን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ጦረኛን መሪ የሚያደርገው ማን ነው? የሾመው ነው ወይስ ስንቅ ያቀበለው? ይህን ይዛችሁ አዳምጡኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ራስ አበበ የተወለዱት በነሐሴ 1895 ዓ.ም. ነው። አባታቸው አፈ ንጉሥ አረጋይ በቸሬ፣ እናታቸው ወይዘሮ አስካለ ጎበና ይባላሉ። ወይዘሮ አስካለ የዳግማዊ ምኒልክ የጦር አዝማች የነበሩት የራስ ጎበና ዳጬ ልጅ ናቸው። ጦረኝነት በቤቱ የቆየ ነው ማለት ነው። ዘመኑ ግን ተለውጧል። አያት ፈረሰኛ እየመሩ የዘመቱ ናቸው፤ የልጅ ልጅ ግን ያደጉት መንግሥት ሠራዊቱንና ፖሊሱን በአዲስ ሥርዓት ማደራጀት በጀመረበት ጊዜ ነው። ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረበት ወቅት አበበ የባላምባራስነት ማዕረግ ይዘው የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ ነበሩ።

እስቲ አንድ ሳምንት እናስብ፤ የሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የመጨረሻውን ሳምንት። የሰሜኑ ጦር ማይጨው ላይ ተሸንፏል። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከተማዋ ባለቤት አጣች። ሱቅ ተዘረፈ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ሰው በሰው ላይ ተኮሰ። ሚያዝያ 27 ቀን የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሥራው ጸጥታ ማስከበር ለሆነ ሰው ከዚህ የከፋ ሳምንት አለ? መንግሥቱ የለም፣ አዛዡ የለም፣ ደመወዝ የሚከፍል የለም። የቀረው መለዮና ጠመንጃ ብቻ ነው።

በዚያ ሳምንት ለብዙ ሹማምንት ሦስት በር ተከፍቶ ነበር። መሰደድ አለ፤ ገብቶ ለጣልያን ማደር አለ፤ ዱር ቤቴ ማለት አለ። ባላምባራስ አበበ ተከታዮቻቸውን ይዘው ከከተማ ወጡ። ዱር ቤቴ አሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ አርበኝነት ገና ሲጀመር እንዴት እንደሚዋጋ የሚያውቅ አልነበረም። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. የሸዋ አርበኞች አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው ለማጥቃት ሞከሩ። የራስ ካሣ ልጆች ነበሩበት፤ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም ነበሩበት፤ ባላምባራስ አበበም ነበሩበት። ክረምት ነው፤ ወንዙ ሞልቷል፤ አንዱ ወገን ከሌላው ጋር የሚገናኝበት ሬዲዮ የለም። አንዱ ሲደርስ ሌላው ይዘገያል። ጥቃቱ ከሸፈ። በማግስቱ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ በጣልያኖች ትእዛዝ በአደባባይ በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። በታኅሣሥ 1929 ደግሞ የራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን፣ ምሕረት አላችሁ ተብለው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ፍቼ ላይ ተገደሉ።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ትምህርት ወጣ። አንደኛው፣ መትረየስና መድፍ የተጠመደበትን ከተማ በውጅግራ ጠመንጃ በቀጥታ መግጠም እንደማያዋጣ ነው። ሁለተኛው፣ የጣልያን ምሕረት ቃል ብቻ እንደሆነ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣልያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በአዲስ አበባ የተፈጸመው እልቂት፣ በግንቦት ወር ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት መረሸን፣ ሲያመነታ የነበረውን ሁሉ ወደ ዱር ገፋው። በቤቱ ተቀምጦ የሚሞት ከሆነ ገደል ላይ ሆኖ መሞት ይሻላል ያለው ብዙ ነው።

ገደሉስ የት ነው? እናንተ የቆማችሁበት ነዋ! የመንዝ አምባ ከባሕር ወለል ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ የጓሳ መሬት ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ ከፍታ መሬቱ በአንድ ጊዜ ተቆርጦ ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ሸለቆ ይወርዳል። ላይ በርኖስ ያስለብሳል፣ ታች ያልባል። መኪና የሚገባበት መንገድ አልነበረም። ለመደበኛ ጦር ይህ ፈተና ነው፤ አገሩን ለሚያውቅ ሰው ግን ቤቱ ነው። ጣልያን አምባውን ሲይዝ አርበኛው ሸለቆ ይወርዳል፤ ጣልያን ሸለቆ ሲወርድ አርበኛው ከአፋፍ ይጠብቀዋል።

መሬት ብቻውን ግን አይዋጋም። የአርበኛው ጦር ቀለብ የሚሰፈርለት ጦር አልነበረም። ገበሬው ወቅቱ ሲደርስ ያርሳል፤ ሲጠራ ይዘምታል። ሚስት ትፈጫለች፣ ልጅ ስልቻ ተሸክሞ ይወርዳል፣ እረኛው የጠላትን መንገድ ያያል። ከተማ ውስጥ ደግሞ የውስጥ አርበኞች የሚባሉት ነበሩ። ጣልያን በሚያስተዳድረው ከተማ እየኖሩ፣ ጥይትና መድኃኒት፣ ልብስና መረጃ ወደ ዱር የሚልኩ። ከእነርሱ መካከል ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌን ታሪክ በስማቸው ያነሣቸዋል፤ ተይዘው ጣልያን አገር ድረስ ተግዘዋል፤ ሲመለሱም ትግሉን አልተዉትም። ስማቸው ያልተጻፈው ግን ይበዛሉ።

የሸዋ አርበኞች መሪዎችም ብዙ ነበሩ፤ ኃይለ ማርያም ማሞ፣ መስፍን ስለሺ፣ ተሾመ ሸንቁጥና ሌሎችም። አንዳንዱ በውጊያ ወደቀ፣ ሌላው ወደ ሌላ አገር ተሻገረ። አበበ አረጋይ ግን አምስቱን ዓመት ሙሉ ሸዋ ውስጥ ቆዩ። ቀስ በቀስ የየአካባቢው አለቃ ሁሉ ቀና ብሎ የሚያያቸው ሰው ሆኑ። ከባላምባራስነት እስከ ራስነት ያደረሳቸው መንገድ ይህ ነው።

(ዋሽንት ብቻውን፤ አሥር ሰኮንድ)

አሁን ወደ ቀያ ምድር ልውሰዳችሁ። ዘረት የሚባለውን ስፍራ የዘመሮ ሰዎች ታውቁታላችሁ። እዚያ ገደሉ ሥር አንድ ትልቅ ዋሻ አለ፤ አመፀኛ ዋሻ ይሉታል። በ1931 ዓ.ም. የጣልያን ጦር የራስ አበበን ሠራዊት ሲያሳድድ፣ በተሾመ ሸንቁጥ የሚመራው ወገን ከዚህ ዋሻ ገባ። ከተዋጊው ጋር ቁስለኛው፣ ሽማግሌው፣ ሴቱና ሕፃኑ አብሮ ነበር። የራስ አበበ ጦር ደጀን ማለት ይህ ነው። ራሳቸው ራስ አበበ በዋሻው ውስጥ አልነበሩም። በዋሻው የነበረው ስንቃቸው ነው።

በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 1 ቀን ነበር። ዋሻው የተመታው በዚያው ሰሞን ነው። በመድፍና በመትረየስ አልከፈት ሲላቸው የጣልያን ጦር የኬሚካል ክፍሉን አመጣ። በዋሻው አፍ የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለውን መርዝ ለቀቁ።

የሰናፍጭ ጋዝ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ በእርግጥ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው፤ ሲተን ወይም ሲረጭ ዓይንን ያሳውራል፣ ቆዳን እንደ እሳት ይልጣል፣ ሳንባን ያቃጥላል። ወዲያው ላያም ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ ነው ጉዳቱ የሚወጣው። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ላይ አይሄድም፣ ወደ ጉድጓድና ወደ ዋሻ ወለል ይተኛል። ልጆች የሚተኙትም ወለሉ ላይ ነው። ይህን መሣሪያ በጦርነት መጠቀም በ1917 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሎ ነበር፤ ጣልያንም ፈራሚ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱም በሰኔ 1928 በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የከሰሱት ይህንኑ ነበር። ከክሱ ሦስት ዓመት ያህል በኋላ ያው መርዝ መንዝ ገባ።

ተሾመ ሸንቁጥ ከጥቂት ሰዎች ጋር በሌሊት ሰብረው ወጡ። የቀሩት በጋዙ አለቁ ወይም እጃቸውን ሰጡ። እጃቸውን የሰጡት ወንዶች ገደሉ አፋፍ ላይ ተረሸኑ። የሟቾቹ ቁጥር በመቶዎች ነው፤ ከሺህ ያልፋል የሚሉም አሉ። የመንዝ ሽማግሌዎች ይህን መቼም አልረሱትም፤ የውጭው ዓለም ግን ያወቀው ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አንድ የጣልያን የታሪክ ተመራማሪ፣ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ፣ በራሱ አገር የጦር መዝገብ ውስጥ ሰነዱን አግኝቶ፣ በ1998 ዓ.ም. ዋሻው ድረስ መጣ። በኋላም የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ዋሻውን አጠኑት። ያገኙት የሰው አጥንትና የጥይት ቀለህ ብቻ አይደለም። የእህል ማስቀመጫና የቤት ዕቃም ነበረበት። ዋሻው ምሽግ ብቻ አልነበረም፤ ወጥ ቤትም ነበር።

ጎተራ ይዘው፣ ሕፃን አዝለው የገቡ ሰዎች ለሹመት ብለው አልገቡም። አንድን ጦረኛ መሪ አደረጉት፤ ዋጋውንም ራሳቸው ከፈሉ።

(ሙዚቃ)

ከዘረት በኋላ ጣልያን ስልቱን ለወጠ። የሸዋው ገዥ ጄኔራል ናሲ በጋዝ ያልተገኘውን በድርድር ሊያገኝ ሞከረ። ራስ አበበ እምቢም እሺም አላሉም። ነገር እያለዘቡ፣ ቀን እየገፉ፣ የተበተነ ሠራዊታቸውን ሰበሰቡ። በ1932 ዓ.ም. ድርድሩ ፈረሰ፤ ራስ አበበ አልገቡም። በዚያው ዓመት ሰኔ ጣልያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ ላይ ተነሣች፤ እንግሊዝም የአርበኞቻችን አጋር ሆነች።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ጣልያን ከገባበት ቀን ጀምሮ ሲቆጠር ልክ አምስት ዓመት ሆኗል። የራስ አበበ አርበኞች በሺህ ሆነው መንገድ ዳር ተሰለፉ፤ ጠጉራቸው ጎፈሬ፣ ልብሳቸው ቡትቶ፣ ትጥቃቸው ከጠላት የተማረከ። የጊዜውን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ያንን ጠጉር አይረሳውም።

ያ ቀን ለራስ አበበ የአንዱ ሕይወት ማብቂያ፣ የሌላው መጀመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ የጦር ሚኒስትር፣ የትግራይ ጠቅላይ ገዥ፣ የአገር ግዛት ሚኒስትር፣ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። በኅዳር 1950 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። እዚህ ላይ ቆም ብለን የወንበሩን ጠባይ እንይ። በዚያው ዘመን፣ በዓለም ላይ ሌሎች ጦረኞችም አገር ይመሩ ነበር፤ አሜሪካን ጄኔራል አይዘንሃወር፣ ፈረንሳይን ጄኔራል ደ ጎል። እነርሱ ወንበሩ ላይ የወጡት ሕዝብ ድምፅ በሚሰጥበት ሥርዓት ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የእኛ ሕገ መንግሥት ግን ሚኒስትር መሾምንም መሻርንም ለንጉሠ ነገሥቱ ነው የሰጠው። ራስ አበበ ዱር ሳሉ ገበሬው ስንቅ ቢከለክላቸው በሳምንት ውስጥ ያበቃላቸው ነበር። ቢሮ ከገቡ በኋላ ግን የገበሬው ስንቅ አያስፈልጋቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው የንጉሡ ፊት ነው።

ይህ ልዩነት በሥራ ታይቷል። በ1935 ዓ.ም. በትግራይ የአስተዳደር በደልና የግብር ጫና ያስመረረው ገበሬ ተነሣ፤ የቀዳማይ ወያነ አመፅ ይባላል። ሊያስታግሥ የዘመተው ጦር በራስ አበበ ይመራ ነበር። በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቐለን ደበደቡ። አድማጮች፣ ይህን ስንናገር አርበኝነታቸውን ልንፍቅ አይደለም። ግን እናስተውል፤ ከአውሮፕላን ቦምብ በገደል ሲሸሹ የኖሩት ሰው፣ አሁን አውሮፕላኑ ከእርሳቸው ወገን ነው። ሰብሳቢ በነበሩበት ዘመንም፣ በ1950ና በ1951 ዓ.ም.፣ በትግራይ ከባድ ረሃብ ገባ፤ ጩኸቱ አዲስ አበባ ለመሰማት ብዙ ወራት ፈጀበት። አዲስ አበባ ግን በዚያው ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ሆና በዓለም ፊት ደምቃ ነበር።

(አጭር ዝምታ)

መጨረሻው ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን፣ የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ጀመሩ። ሚኒስትሮችና መሳፍንት እቴጌ መነን ታመዋል ተብለው እንደተጠሩ ይነገራል። የመጡት ተያዙ። በማግስቱ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ስለ አዲስ መንግሥት መግለጫ ያነበቡት በዚሁ እኛ አሁን በምንነጋገርበት መሣሪያ፣ በሬዲዮ ነው። የምድር ጦሩ ግን አልተቀበለም፤ ከተማዋ ውስጥ ውጊያ ሆነ። መፈንቅለ መንግሥቱ እየከሸፈ ሲሄድ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ የተያዙት ሰዎች በጥይት ተረፈረፉ። ራስ አበበ አረጋይ እዚያ ሞቱ። ከእርሳቸው ጋር ከሞቱት አንዱ የትግራዩ ራስ ሥዩም መንገሻ ነበሩ። ያ ግቢ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ ነው፤ ተማሪ መጽሐፍ ይዞ ያልፍበታል።

ጣልያን በአምስት ዓመት፣ በመድፍ፣ በአውሮፕላንና በመርዝ ያልገደላቸውን ሰው፣ የአገራቸው መኮንኖች በአንድ ክፍል ውስጥ ገደሏቸው። ከ14 ዓመት በኋላ ደግሞ ሌሎች መኮንኖች መጡ፤ ደርግ። የመጀመሪያው ሊቀ መንበራቸው ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም፣ በኅዳር 1967 ዓ.ም. የራሳቸው ጓዶች በላኩባቸው ጦር ተገደሉ። ከዚያ ወዲህ በአገራችን ጦረኛ ወንበር ላይ የወጣው ሕዝብም ሳይመርጠው፣ ንጉሥም ሳይሾመው፣ በጠመንጃው ሆነ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ራስ አበበን ማን መሪ አደረጋቸው? ሹመታቸው በመዝገብ ተጽፏል፤ ኅዳር 1950። ነገር ግን የዛሬ ልጅ ስማቸውን ሲሰማ የሚያስበው የሚኒስትሮች ምክር ቤቱን አይደለም። አምስቱን ዓመት ነው። ከታሪካቸው የጸናው በንጉሥ ፊርማ የተገኘው አይደለም፤ በመንዝና በመርሐ ቤቴ በሶ የተገነባው ነው። የእኔ ፍርድ ይኼ ነው፦ ያበላውን ሕዝብ እስከሚያስታውስ ድረስ ጦረኛ መሪ ነው፤ ሲረሳው ባለሥልጣን ብቻ ይሆናል።

ከመሰነባበታችን በፊት የዘመሮ ልጆችን አደራ ልበላችሁ። በቤታችሁ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናት ወይም አባት ካሉ፣ ዛሬ ማታ ቡና ተፈልቶ ሳለ ጠይቋቸው። ወላጆቻቸው በጣልያን ጊዜ የት ነበሩ? ለማን ስንቅ አቀበሉ? ዘረት የቀረ ዘመድ አላቸው ወይ? የነገሯችሁን በደብተር ጻፉት፤ ስሙን፣ መንደሩን፣ የሆነውን። የራሶቹ ስም በመጽሐፍ አለ። የስልቻ ተሸካሚዎቹ ስም ያለው እነዚያ ሽማግሌዎች ዘንድ ብቻ ነው፤ እነርሱም በየዓመቱ እያነሱ ነው።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)